ኮርኒሱ አይነካም

«ሴንትራል ኤሲ የገባለት ቤት ዋጋው በሲሶ ይጨምራል» ይላል ደላላው። ጠዋት ይላል፣ ከሰዓት ይላል፣ ስልክ ሲያነሳ ከሰላምታው አስቀድሞ ይላል። ከላይኛው መንገድ የሐኪሙ ቤት እንዲያ ተሽጧል አሉ። ማን ገዛው ሲሉት ግን ጉሮሮውን ይጠርጋል።

እናት ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ቤቱን ሸጠው ደረጃ ወደሌለው ትንሽ ቤት ሊገቡ ቆርጠዋል። ታላቁ ልጃቸው የደላላውን ወሬ ሳያላምጥ ዋጠው። ትንሿ ልጃቸው ግን አንገቷ ላይ ቆመባት፤ ቀዝቃዛ አየር ለየክፍሉ የሚያደርሰው የኤሲው ቱቦ የሚያልፈው በእሷ ኮርኒስ ውስጥ ነዋ።

የጂፕሰም ሠራተኛ ናት፤ ቅንድቧ ላይ ሳይቀር ነጭ ስለማይጠፋ ሰፈሩ «ዱቄቷ» ይላታል። ማንም አላስተማራትም። የሰው ግንባታ ደጃፍ ቆማ እያየች፣ ሲያባርሯት በጓሮ በኩል እየዞረች፣ በገዛ ዓይኗ ሰርቃ ነው የተማረችው። የሰረቀችውን ሁሉ ደግሞ በእናቷ ሳሎን ኮርኒስ ላይ አወጣችው፦ ዙሪያውን የወይን ሐረግ፣ አንዱ ቅጠል ከሌላው የማይመሳሰል። ለደንበኛ የምታሳየው ሌላ ሥራ የላትም። እሱ ከፈረሰ «ሴት ልጅ መሰላል ላይ ምን ትሠራለች» ከሚሉት ፊት ባዶ እጇን መቆሟ ነው።

የኤሲ ባለሙያው መጥቶ ለካ። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ክፍተት አንድ ስንዝር፣ ቱቦው የሚፈልገው ሁለት። እንግዲህ ይፈርስና ዝቅ ብሎ ልሙጥ ሆኖ ይሠራል አለ። ወንድሟ ይሁን ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ወንድምጋሼ፣ ሲሶውን በዓይንህ ነው ያየኸው ወይስ በደላላ አፍ?»

«ሰው ሁሉ የሚለው ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። ያንተዋ ደግሞ ስትታለብ የምትሰጠው ነፋስ ነው።»

እናት ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ወንድሟ ምላስሽ ገበያ ቢወጣ ኖሮ ቤቱን መሸጥ ባላስፈለገን አላት። ገዢ ካገኘህ ጥራልኝ አለችው። ከዚያ መሰላሏን ሳሎኑ መሃል ተከለችና ጫፉ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

«ሦስት ገዢ ቤቱን እንዳለ ይየው። ሦስቱም ኤሲ የለም ብለው ከሄዱ በራሴ መዶሻ አፈርሰዋለሁ። እስከዚያ የሌላ ሰው እጅ አይነካውም።»

እናት «ሦስት ሰው ይየው» ብለው ፈረዱ።

የመጀመሪያው ነጋዴ ኤሲ አለመኖሩን ሲሰማ በያዘው ፋይል ፊቱን እያራገበ ወጣ። ሁለተኛዋ ከእነ ባሏ መጥታ፣ ቀዝቃዛ ቤት ሌላ ቦታ አይተናል ብላ ጫማዋን እንኳ አላቆሸሸችም። ደላላው ዱቄቷን አፈር እንደተጫናት ሰው ያያት ጀመር። ወንድሟም መዶሻ አምጥቶ ፊቷ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አመስግና ተቀበለችው፤ በዚያው መዶሻ ግድግዳው ላይ ምስማር መታችና ሐረጉን ወደላይ የሚያበራ መብራት ሰቀለችበት።

ሦስተኛው ዝምተኛ ሰውዬ ነበር። ስለ ኤሲ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ኮርኒሱ ሥር አንጋጦ ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለሰ፣ በመጥረጊያ እንጨት ቀስ ብሎ አንኳኳው። ማን ሠራው ብሎ ሳይጨርስ «እኔ» አለች። ከላዩ ስንት ክፍተት እንዳለው ጠየቃት። ስንዝር አለችው። ግድ የለም አለና የተጠራውን ዋጋ ሳይከራከር ተቀበለ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት! ቤቱን የሸጠው ኮርኒሱ ነው እያለች ሰፈሩን አዳረሰች። ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ደላላውም ነፋሱን አይቶ ዞረ፤ «የጂፕሰም ሐረግ ያለው ቤት በሲሶ ይጨምራል» ይል ጀመር። እሷም አላረመችውም። በዚያ ወሬ አንድ ክሊኒክና አንድ ትልቅ ሆቴል ጠሯት።

ከወራት በኋላ የሆቴሉን አዳራሽ ኮርኒስ ስትሠራ፣ ያ የኤሲ ባለሙያ ቱቦ ሊዘረጋ መጣ። መሰላሉን እንዲይዝላት ጠየቀችው። እየያዘ ስለ እናቷ ቤት ገዢ አነሳ። ባለሙያው አሁን ተቀጥሮ የሚሠራው ለዚያ ሰውዬ ነው፤ ሰውዬው ኤሲ አስመጪ ነው፣ የሌላ ሰው ኤሲ የገባበት ቤት አይገዛም። ያን ቀን ሲያንጋጥጥ የነበረውም ቱቦው በየት በየት እንደሚያልፍ እየቆጠረ ነው። ሐረጉን በገባ በሳምንቱ አስፈርሶታል።