ባዶ ትከሻ

ጣሰው ከወደቀ አራት ወሩ ነው። ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ካለው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ቦንዳ ጨርቅ አድርሶ፣ ጭነቱን አራግፎ፣ ባዶ እጁን ሲወርድ እግሩ ሸተት አለ። ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ያለው ደረጃ የእጅ መደገፊያ ብረት የለውም። «በሚቀጥለው ሳምንት ይገጠማል» ከተባለ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሊፍቱ ደግሞ ለሰው እንጂ ለዕቃ አይደለም፤ ተሸካሚ፣ ሸክም ባይኖረውም፣ ከዕቃ ይቆጠራል።

የተሰበረ ክንዱን ወጌሻ አሽቶ መለሰለት። ለልብ ግን ወጌሻ የለም። ሲሻለው፣ ራሱን ሊፈትን፣ ያንኑ ደረጃ ባዶውን ወጣ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቱ ከዳውና ግድግዳውን ታክኮ ተቀመጠ፤ በቂጡ እየተንፏቀቀ ወረደ። ባዶውን ያቃተውን ተጭኖ እንደማይሞክረው ለራሱ ነገረና ከዚያ ወዲህ መሬት ላይ ያለ ሥራ ብቻ ይዞ ቀረ።

የተሸካሚዎቹ አለቃ በሪሁን አራት ወር ሙሉ አይቶ እንዳላየ ሆነ። በሪሁን ክፉ ሰው አይደለም። ግን ስምንት ሰው ፎቅ እያወጣ ዘጠነኛውን ታች ማስታመም እስከ መቼ ይችላል?

«ሰኞ የወደቅክበት ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ የሚገባ አርባ አምስት ቦንዳ አለ» አለው ዓርብ ዕለት። «ትወጣለህ፤ ካልሆነ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ። አትቀየመኝ፣ ጣሴ።»

ጣሰው አልተቀየመም። ሃምሳ ዓመት የሞላው ተሸካሚ ቦታውን ከለቀቀ ሌላ ቦታ የሚሰጠው እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ለዚህ ምን ይባላል?

ቅዳሜ ጠዋት አብነት ሰፈር፣ ለሉብና ሱቅ አንድ ትልቅ የቻርጀር ካርቶን አደረሰ። ሉብና ስልክና ኤሌክትሮኒክስ ትሸጣለች። ገበያው ሲቀዘቅዝባት፣ ደንበኛ ይስብልኛል ብላ በሩ ላይ፣ ሲያጠልቁት የሌለን ቦታ እንዳለ አድርጎ የሚያሳይ የቪአር መነጽር ይዛ ወጥታለች። መነጽሩን ያጠለቀው ሰው ግራ ቀኝ ሲደናበር ማየት ለአላፊ አግዳሚው ነፃ ትርኢት ነው። አጥላቂው የሚያየውን ሌላው በቴሌቪዥን ያየዋል፦ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ፣ ከጫፉ ወደ ባዶ አየር የወጣ አንድ ጣውላ። ሉብና ጨዋታው እውነት እንዲመስል ወለሉ ላይ ከዕቃ ሳጥን የተነቀለ ጣውላ አጋድማለች።

ጣሰው ካርቶኑን አውርዶ ቆሞ አየ።

«ከፍታው እንደ እውነቱ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ይሞክሩት፣ ጋሽ ጣሰው። ለእርስዎ በነፃ ነው።»

መነጽሩን አጠለቀችለት። የሊፍት በር ተከፈተ። ከታች መኪኖቹ እንደ ምስር ተበትነዋል፤ ነፋሱ ያፏጫል። ወያላዎቹ ተሳፋሪ ሲጣሩ ይሰማዋል፤ ጆሮው አብነት ነበር። ዓይኑ ግን ሰማይ ላይ ነው፣ ጉልበቱም ያመነው ዓይኑን ነው። አንድ እግሩን ጣውላው ላይ አሳረፈ፤ ሁለተኛው አልነሳም አለ። ጀርባውን ላብ አጠመቀው።

«ላውልቅልዎ?»

«ቆይ» አለ። እጆቹ ጎኑ ላይ ተንጠልጥለው የሚይዙት አጡ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሸክም የኖረ ትከሻ ባዶውን ሲሆን እንዴት እንደሚቆም አያውቅበትም። «አሸክሙኝ።»

«ምን?»

«ያመጣሁትን ካርቶን። መልሳችሁ አሸክሙኝ።»

ሉብና ሳቀች። ከመነጽሩ በታች ያለው አፉ እንደማይስቅ ስታይ ግን የጎረቤቱን ዘበኛ ጠርታ፣ ለሁለት አንስተው ጀርባው ላይ ጫኑበት። ወገቡ ጎበጠ፣ ትንፋሹ አጠረ፣ እግሩም ቦታውን አገኘ። የተጫነ ሰው የሚያስበው የሚቀጥለውን እርምጃ ነው፤ ስለ ገደል የሚያስብበት ትርፍ ልብ የለውም። ጣሰው ሄደ። ጣውላው መሀል ሲደርስ፣ ልማድ ነውና፣ «ዞር በሉ፣ መንገድ» እያለ ወፍ እንኳ በሌለበት ሰማይ ላይ መንገድ አስለቀቀ። በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሱ ጫፍ ደርሶ፣ ዞሮ ተመለሰ።

ካርቶኑን አወረዱለት። ባዶውን እንደገና ሞከረ፤ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ምንም። መነጽሩን ራሱ አወለቀ።

«ሰው ሲቀለው ነው የሚራመደው» አለች ሉብና ግራ ተጋብታ።

«ስወድቅም ቀሎኝ ነበር» አላት፤ ትከሻው ላይ የሚያነጥፈውን ሻሽ አራግፎም ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ቦንዳውን ተሸክሞ እስከ አምስተኛ ፎቅ አንዴም ሳይቆም ወጣ። በሪሁን እዚያው ፎቅ ቆሞ ይጠብቀው ነበር፤ ጎሽ ሊለው አፉን ከፈተ። ጣሰው ግን ቦንዳውን ጥሎ ደረጃውን ቁልቁል ሲያይ ፊቱ አመድ ሆነ። ዘወር ዘወር ብሎ ፈለገ። ጥግ ላይ የተጣለ ባዶ ካርቶን አገኘና አጣጥፎ በሲባጎ አጥብቆ አሰረው። ክብደቱ እንዲበቃም መሀሉ ሁለት የተሰበረ ብሎኬት ከተተበት።

«አሸክመኝ» አለው በሪሁንን።

«ቆሻሻ እኮ ነው። ማን አዘዘህ?»

«አሸክመኝ አልኩህ።»

በሪሁን የጣሰውን ጉልበት አየ። መደገፊያ የሌለውንም ደረጃ አየ። አንስቶ ጫነበት። ጣሰው ወረደ፣ እስሩን ደረጃው ሥር ጣለ፣ ሁለተኛውን ቦንዳ ተሸከመ።

ለካ አንድ ነገር ዘንግቷል። ሁለተኛ ሲወጣ ፎቁ ተጠርጎ ጸድቷል፤ የሚሸከመው ቀርቶ የሚይዘው እንኳ የለም። ወደ ደረጃው አፍ ቀርቦ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሌሎቹ ተሸካሚዎች እያለፉት ወረዱ። በዚህ ያበቃል ብሎ አሰበ፤ አፈረም። የሚቀመጥበት ግድግዳ ሊፈልግ ሲዞር አንድ እስር ካርቶን አየ። ሲባጎውን አወቀው፤ ቋጠሮው የራሱ ነበር።

አጠገቡ በሪሁን ቆሟል፤ ከሁሉም በላይ አልቦታል። እስሩን ቦንዳው ላይ ደርቦ ነው ያወጣው።

«ና፣ ላሸክምህ» አለው፤ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ሥራው እስኪያልቅ ያቺ እስር አራት ጊዜ በበሪሁን ጀርባ ወጣች፣ አምስት ጊዜ በጣሰው ጀርባ ወረደች።