የቦሎ ቀን ፍሬቻ

ጋሽ በንቲ አሮጌ መኪናቸውን መካኒሳ አቦ ወዳለው ጋራዤ ያመጧት ለቦሎ ምርመራ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤ በጊዜ የመጣ ደንበኛ አይቼ አላውቅም። ፍሬቻዋ በግራም በቀኝም አይሠራም። አምፖሎቹን አየሁ፣ ደህና ናቸው። ፊውዙም ደህና ነው። የዛገውን የመሬት ሽቦ ፍቄ አሰርኩት፤ ወይ ፍንክች! የሞተው ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ፍላሸር ነበር፤ የእሷ ዓይነት ደግሞ ከየሱቁ ጠፍቷል።

እኛ ሰፈር ለቦሎ የማይዋሱት ነገር የለም፤ ጎማም ይዋሳሉ፣ የእሳት ማጥፊያም ይዋሳሉ። እኔም ከራሴ መኪና ፍላሸሩን ነቅዬ ሰጠኋቸው። ምርመራውን አለፉ። የሰው ዕቃ የሚያሳድሩ ሰው አይደሉምና በዚያው ቀን መለሱልኝ።

«አዲስ እስክናገኝ በእጅዎ እያሳዩ ይንዱ» አልኳቸው።

«በየት በኩል? መስኮቱ እንደሆነ አይወርድ!»

ማውረጃው መሰበሩን አይቼው ነበር። «በሩን ከፈት አድርገው ነዋ፣ ጋሼ!» አልኩና ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም፤ እኔ ግን ልብ አላልኩም።

በሳምንቱ፣ ለቡ መብራት ኃይል ጋ ዝናብ እየጣለ ወደ ግራ ሲታጠፉ ከኋላ የመጣ ሞተረኛ ከመኪናዋ ጋር ተጋጨ። ኢሉ ይባላል፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ጋሽ በንቲ ታሰሩ።

ትናንት ባለቤታቸው እትዬ ገዲሴ መጡ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን እየጠመዘዙ፣ «ፖሊሶቹ ‹ቦሎ ያለፈች መኪና ፍላሸሯን ማን ወሰደው?› አሏቸው። ‹እኔው ነቅዬ ጣልኩት› ብለዋል። ‹ዑስማን ደግ የዋለልኝ ልጅ ነው፣ ስሙ እንዳይነሳ› አሉኝ። አንተም ዝም በል፣ ልጄ» አሉ።

አፈርኩ፤ ከዚያም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ቀለለኝ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝ አለ» አሉ እትዬ ገዲሴ። «ልጁ የተጋጨው ከተከፈተው በር ጋር ነው። በዚያ ዝናብ፣ መኪናዋ እየሄደች፣ በር ምን አስከፈታቸው? ስጠይቃቸው ያለቅሳሉ። አንተ የምታውቀው ነገር አለ?»

«አላውቅም፣ እትዬ» አልኳቸው።

እሳቸውም ተነስተው ራሴን ዳብሰው መረቁኝ።