ጣውንቷ ግሪክኛ

መጋረጃ ሰፊዋ ጣውንት ነበረባት። ሥጋና ደም ያላት ሴት ብትሆን ኖሮ ፀጉር ለፀጉር ተያይዛ ትገላገል ነበር፤ ይህቺኛዋ ግን ከሞተች ብዙ ዘመን የሆናት ቋንቋ ናት፣ የጥንቱ ግሪክኛ። ባሏ መምህሩ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው እሷን ነው። ከትምህርት ቤት ይዟት ይመጣል፣ ገበታ ላይ አብራው ትቀመጣለች፣ አልጋ ድረስም ትከተለዋለች። ሰፊዋ የደንበኞቿን ጉድ ስታወራው እሱ ጣራ ጣራውን እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። «መጣችብኝ ደግሞ!» ትልና መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወርወር ታደርጋለች።

ከዚያ ዱብ ዕዳው ወረደ። አንድ ጠዋት መምህሩ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ቀኝ እጁ ዛለ፣ አፉ በቀኝ በኩል ተንጋደደ፣ ቃል ጠፋ። ሆስፒታል ሰንብቶ ሲመለስ እግሩ በከዘራ ይሄዳል፣ ጆሮው ይሰማል፤ መናገር ግን የለም። «ውሃ» ለማለት ሲሞክር የማይታወቅ ድምፅ ይወጣና ራሱ ይደነግጣል። እያደር መሞከሩንም ተወው። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ እሷ ከፊቱ የስፌት መኪናዋን ታንቀጨቅጫለች። ሰፊዋ ደግሞ ዝምታ አትችልም። ስትናገር የሚመልስላት፣ ካልሆነም የሚናደድባት ሰው ትፈልጋለች። አንዲት ቃል፣ ለእሷ ተብላ የወጣች አንዲት ቃል ብትሰማ ሌላውን ሁሉ ትችለው ነበር።

በዚህ መሀል የመምህሩ የድሮ ተማሪ የነበረው ፋርማሲስት ኪኒን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። መምህሩን እንደዚያ ሆኖ ሲያየው ጨዋታ ቢቸግረው ጠረጴዛውን በጣቱ ቆርቆር አደረገና ክፍል ውስጥ በኅብረት በቃላቸው ያወርዱት የነበረውን የስም እርባታ ጀመረ።

«ሎጎስ፣ ሎጉ፣ ሎጎ...»

«ሎጎን፣ ሎጌ» አለ መምህሩ። ጥርት አድርጎ!

የሰፊዋ መኪና ቆመ። ፋርማሲስቱ ቀጠለ፤ መምህሩም አብሮት እስከ መጨረሻው አወረደው። በኋላ ሐኪሙ እንዳስረዳቸው፣ ሲደጋገም የኖረ ነገር ከተራ ንግግር ሌላ ስፍራ ነው የሚቀመጠው፣ እንደ ዘፈን፤ እያሰበው ላይሆን ይችላል። ሰፊዋን ይህ አላጽናናትም። አፉን በፈታበት ቋንቋ ለሚስቱ «ደህና አደርሽ» ማለት ያቃተው ሰው ከጣውንቷ ጋር ሲያወጋ ሰምታለች። በዚህ ዕድሜዋ ቀናች፣ ሆድም ባሳት።

በማግስቱ መድኃኒት ቤት ሄዳ ባንኮኒው ላይ ተደገፈች።

«አስተምረኝ።»

«ምኑን፣ እትዬ?»

«ያቺን ነገር። ሎጎሷን።»

«እትዬ፣ ግሪክኛ እኮ ነው! እኛ እንኳ በወጣትነታችን ስንት አልቅሰንበታል።»

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል ሲባል አልሰማህም? በል ጀምር።»

ፋርማሲስቱ ሰው ባልበዛበት ሰዓት ያስረዳት ጀመር። ሎጎስ «ቃል» ማለት ነው። ስሙ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ እንደያዘው ሥራ ጫፉን ይለዋውጣል፤ «የቃል» ሲሆን አንድ፣ «ለቃል» ሲሆን ሌላ፣ «ቃልን» ሲሆን ሌላ፣ «ቃል ሆይ» ተብሎ ሲጠራ ደግሞ ሌላ። ቃሎቹ ብዙ ሲሆኑም ጫፉ እንደገና ይለወጣል፤ ሎጎይ፣ ሎጎይስ፣ ሎጉስ እያለ።

«የመጀመሪያው፣ ሎጎስ የሚለውስ ምን ይባላል?»

«እሱ ባለቤት ነው።»

«እሱንስ አውቀዋለሁ» አለች፤ «ዝም ብሎ መስኮት ሥር የሚቀመጠው።»

ፋርማሲስቱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አስጠነቀቃት። በመምህሩ ክፍል አንዱ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይነሳል። የመውጫ ደወል ቢደወል፣ ዝናብ ጣራውን ቢደበድብ፣ መምህሩ ስሕተት ሰምቶ አያልፍም። «ስለዚህ እትዬ፣ በደንብ ሳትይዢው እንዳትሞክሪው» አላት።

ጫፍ ለእሷ እንግዳ ነገር አይደለም። ጨርቅ ካልተቀመቀመ እንደሚተረተር ከእሷ በላይ ለማን ይነገራል? ጥርሷን ነክሳ መጋረጃ እየቀመቀመች ሸመደደች፤ ሎጎይ ስፌቱ ሲጀመር፣ ሎጎይስ መታጠፊያው ላይ፣ ሎጉስ ክሩ ሲበጠስ። ልጇ ልትጠይቃቸው መጥታ ስትሰማት በሳቅ ፈነዳች።

«እማዬ፣ አበድሽ እንዴ?»

«አባትሽን ልከተል ነው» አለቻት።

አንድ ጠዋት በቂ ነው ብላ ወንበሯን ወደ መምህሩ ጎተተችና ጠረጴዛውን ቆረቆረች። «ሎጎስ» አለች። ዞሮ አያት። «ሎጉ» አለ። ነጠላውንም ብዙውንም እየተቀባበሉ አወረዱት፤ አንዲት አልተዛነፈችም። ሲያልቅ ጠበቀችው። ዐይኑ ወደ መስኮቱ ተመለሰ። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ ሆነ፤ እሱ ይላል፣ እሷ ትላለች፣ ሲያልቅ ያልቃል። ያን ሁሉ ለፍታ የጣውንቷን በር አስከፈተች እንጂ እሱን እዚያ አላገኘችውም። ተስፋዋ ተሟጠጠ።

የሳተችው በዚያው ሰሞን ነው። አንዲት ደንበኛ መጋረጃዬ አጠረ ብላ ስትጨቀጭቃት ውላ ነበርና ልቧ እዚያው ቀርቶ፣ ሎጎይስ ማለት ሲገባት ሎጉስ ብላ አለፈች።

መምህሩ በግራ እጁ ጠረጴዛውን መታው።

«አይደለም!»

ሰፊዋ ወንበሯን አስጠጋች።

«እንደገና!» አለ፣ ፊቱ ቀልቶ።

በሽታው ስንቱን ሲወስድ ያቺን ቁጣውን አልነካትም። ሰፊዋ ኩሽና ገብታ በደስታ አለቀሰች። ተቆጥቷል፤ የተቆጣውም እሷን ነው።

ከዚያ ወዲያ የመሳሳት ባለሙያ ሆነች። ለማወቅ የደከመችውን ያህል ለማበላሸት ደከመች። ዛሬ አንዱን ትዘላለች፣ ነገ ሁለቱን ታቀያይራለች። እሱም «አይደለም!» ይላል፣ «እንደገና!» ይላል፤ አንድ ቀንማ «ስሚ!» አላት። ለሰሚው ግራ ነው፤ ሰው ባሏ ስለጮኸባት ይደሰታል? እሷ ግን ያቺን «ስሚ» ቀኑን ሙሉ ስታጣጥማት ዋለች።

ሳታስበው አበዛችው መሰለኝ። አንድ ጠዋት ሕፃን የማይስተውን፣ የመጀመሪያውን ሎጎስ ራሱን አበላሸችው። መምህሩ ጠረጴዛውን አልመታም። ትክ ብሎ አያት።

«እያወቅሽ ነው» አለ፤ ቃሉን ከጉድጓድ እንደሚጎትት ሰው እየተጨነቀ።

እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ደነገጠች። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለችው። «በምን ላናግርህ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። በማግስቱ ጠረጴዛውን ብትቆረቁር፣ ብትጀምርለት አልተከተላትም። ራሷን ረገመች። የተከበረ ሰው እንደ ሕፃን አታለለች፤ የቀረቻቸውን አንዲት መነጋገሪያ በገዛ እጇ አበላሸች። ቂም ቢይዝባት ይፈረድበታል? መኪናዋን ስትረግጥ ስፌቱ እየጠመመ አስቸገራት።

እንዲህ ሆና መጋረጃ ላይ እንዳቀረቀረች ጠረጴዛው ተቆረቆረ። ቀና አለች። መምህሩ ነው፣ በግራ ጣቱ።

«ሎጎስ» አለ። «ሎጉ። ሎጎ። ሎጌ።»

ሎጎንን ዘለላት። እሱ፣ በሕልሙ እንኳ የማይስታት! በሽታው ተመልሶ የቀረችዋንም ወሰዳት ብላ ልጇን ልትጠራ፣ ሐኪም ልትጠራ ብድግ አለች። ያኔ ዐይኑን አየችው። መስኮቱን አይደለም የሚያየው፣ እሷን ነው። ጤነኛው የአፉ ጎን ትንሽ ወደ ላይ ሄዷል። እየጠበቃት ነው።

«አይደለም» አለችው።

የአፉ ጎን ይበልጥ ከፍ አለ።

«እያወቅህ ነው?»

«አዎ» አላት።