ጥለቱና ምላጩ

እኔ ፀዳል፣ ሥራዬ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን መንከባከብ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለካ እውላለሁ፤ ግፊት እለካለሁ፣ ሽንት እለካለሁ፣ የጠጡትን ውሃ ሳይቀር እለካለሁ። ካፒቶል ሂል የሚባለው ሰፈር ያለ የኩዊልት ሰፊዎች ማኅበር ቁርጥራጭ ጨርቅ ሳይለኩ እየቆረጡና እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ መስፋት እንደሚያስተምር ስሰማ ማን ይያዘኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከቻምበርስ ሮድ ተነሥቼ የኮልፋክስን መንገድ ይዤ ስነዳ ልቤ ከመኪናው ቀድሞ ነበር።

አስተማሪዋ ማስመሪያውን ሁሉ ሰብስባ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ እያንዳንዳችን ያመጣነውን ቁርጥራጭ በግራችን ላለው ሰው እንድንሰጥ፣ ተቀባዩም ብዙ ሳያስብ እንዲቆርጥ አዘዘችን። በግራዬ ያሉት ዶሪስ የሚባሉ፣ ሰማንያ የተጠጉ ሴትዮ ናቸው። ጥቁር ፌስታሌን ሰጠኋቸው። እኔም የቀኝ ጎረቤቴን ጨርቅ ተቀብዬ፣ እንደ ፒዛ መቁረጫ በሚሽከረከረው ምላጭ ሸረከትኩት። ጠማማ ሆኖ ወጣ፤ ሳቄ መጣ። በስንት ዘመኔ አንድ ነገር ሳልለካ ሠራሁ!

"እንዴት ያለ ድንቅ ጨርቅ አመጣሽልኝ" አሉ ዶሪስ።

ዞር ስል የሐበሻ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ የታችኛው ጥለቱ አራት ቦታ ተቆራርጧል።

ቀሚሱ ለነገ ነበር። ነገ እሑድ የጓደኛዬን የእድላዊትን ልጅ ክርስትና አነሣለሁ። እድላዊት ይህችን ልጅ ያገኘቻት ከስንት ዓመት ስለት በኋላ ነው። ለራሷ፣ ለሕፃኗና ለእኔ አንድ ዓይነት ጥለት አዲስ አበባ አሠርታ አስመጣች፤ የእኔን የሰጠችኝ ትናንት ነው።

ጥፋቱ የፌስታል ነው። እኛ ቤት ፌስታል አይጣልም፤ ሌላ ፌስታል ውስጥ ይጠራቀማል። እድላዊት ቀሚሱን፣ እኔ ደግሞ የአሮጌ የሥራ ዩኒፎርሞቼን ቁርጥራጭ የከተትነው በዚያው በሐበሻ ሱቅ ጥቁር ፌስታል ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልታየኝም።

"እዚህ ክፍል ውስጥ ስህተት የሚባል ነገር የለም" አለች አስተማሪዋ።

"አለ፤ ይኸውልሽ" አልኳትና ስልኬን አነሣሁ።

"እድል፣ ቀሚሱ ተቆረጠ።"

"ምን ማለት ነው ተቆረጠ?"

"ክላስ ላይ። ፌስታል ተሳስቼ።"

"አድሬሱን ቴክስት አድርጊልኝ" ብላ ዘጋችው።

ዶሪስ ነገሩ ገብቷቸው የተቆረጠውን ጥለት መልሰው ለመግጠም ይታገላሉ። እሳቸውን ሳይ ንዴቴ በረደ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ መኪናዬ ሄጄ ትክክለኛውን ፌስታል አመጣሁና የዩኒፎርሞቼን ቁርጥራጭ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ቢጫ ዳክዬ የታተመበት አለ፣ ሎሚ ያለበት አለ። አንዱን ዳክዬ በሁለት የጥለት ቁራጭ መሐል ሰክቼ ጨርቅ የሚለጠፍበት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አማረ። እውነቴን ነው፣ አማረ። ዶሪስ ሎሚውን ከጎኑ ለጠፉ። ሌሎቹም መጡ፤ አንዷ ታነሣለች፣ ሌላዋ ትገለብጣለች፣ ሁላችንም አንድ ላይ እናወራለን። የመጣብኝን መዓት ረስቼው ነበር።

በሩ ሲከፈት አስታወስኩት። እድላዊት ሴንቴኒያል ካለው ቤቷ መኪናዋን እያበረረች መጥታለች። በአንድ እጇ የምታለቅስ ሕፃን ከነመኪና ወንበሯ፣ በሌላው ጥቁር ፌስታል ይዛለች። ማንንም ሰላም አላለችም። ግድግዳው ፊት ቆመች። ሕፃኗ ቢጫውን ዳክዬ አይታ ለቅሶዋን ተወች።

"የኔን ልበሺ ልልሽ ነበር ያመጣሁት" አለች ፌስታሉን እያቀበለችኝ። "ነገ ልጄን የምታቅፊያት አንቺ ነሽ። እኔ ሌላ ቀሚስ አላጣም።"

ፌስታሉን ተቀበልኩ። እሷ ግን ዓይኗን ከግድግዳው አልነቀለችም። ድንገት ፌስታሉን ከእጄ መልሳ ወሰደችና ቀሚሷን አውጥታ ዶሪስ ፊት ዘረጋችው።

"ይቁረጡት በያቸው።"

"አብደሻል እንዴ?"

"ሦስታችንም አንድ ዓይነት እንለብሳለን ተባብለናል። የሕፃኗም መኪና ውስጥ አለ፤ አመጣዋለሁ። ዳክዬው ለሦስቱም ቀሚስ ይበቃል?"

ተረጎምኩላቸው። ዶሪስ ወደ ተቆለፈው ቁም ሳጥን ተመለከቱ።

"ይሄንን እንኳ ለክቼ ልቁረጥ" አሉ በልመና።

"አይቻልም" አልኩና ምላጩን አቀበልኳቸው።