ጸሎተ ሐሙስ በማኒላ ግንብ ውስጥ

ሉሚንግ ያን ዓመት ጸሎተ ሐሙስ ሲደርስ እንደ ልጃገረድ መስታወት ማየት አበዛች። ስልሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት። ባሏን ከቀበረች ስድስት ዓመት አልፏታል። ከማኒላ ወጣ ብላ ባለችው ማሪኪና ውስጥ ከቤቷ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግታ ለሠፈሩ ቁርስ ትሸጣለች፤ በነጭ ሽንኩርት የጠበሰችውን ሩዝና የደረቀ ዓሣዋን የቀመሰ ሰው ሌላ ቤት አይሄድም ይባልላታል። ከእነዚያ ሌላ ቤት ከማይሄዱት አንዱ ሠፈርተኛው በአክብሮት “ማንግ” እያለ የሚጠራው ዴልፊን ነው።

ዴልፊን ጫማ ሠሪ ነው። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጅም አልወለዱም። በየማለዳው ይመጣና ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ በልቶ ሲጨርስ ሳህኑን ራሱ አንስቶ ወደ ማጠቢያው ያደርሳል። መጀመሪያ ላይ ወሬያቸው ስለ ዝናብና ስለ ወንዙ ሙላት ነበር። ቀጥሎ ስለ ጉልበት ሕመም ሆነ። አንድ ጠዋት ተመጋቢው ሁሉ ከሄደ በኋላ ዴልፊን ማንኪያውን አስቀምጦ፣

“ሉሚንግ፣ እኔ የምመጣው ለሩዙ ብቻ አይመስለኝም” አላት።

እሷም ጠረጴዛውን እየወለወለች፣ ቀና ሳትል፣ “እኔም የምጠብሰው ለመሸጥ ብቻ አይመስለኝም” አለችው።

ከዚያች ቀን ወዲህ በመካከላቸው “እርስዎ” መባባሉ ቀረ። ሰው ፊት ካልሆነ በቀር።

ችግሩ ማሪቪክ ነበረች። የሉሚንግ አንድ ልጅ ናት፤ የጥርስ ሐኪም ረዳት፣ ያላገባች፣ ነገር የማያልፋት። አባቷን ሮሄልዮን አብዝታ ትወደው ስለነበር እስከ ዛሬ ስሙ በተነሳ ቁጥር ድምፅዋ ይለዝባል። “ንገሪያት እንጂ” ይላል ዴልፊን። “ነገ” ትላለች ሉሚንግ። ነገ ነገን እየወለደ ዓመት ዞረ።

መጨረሻ ላይ አንድ ዘዴ መጣላት። በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ እናትና ልጅ እንደ አገሩ ወግ ቤተ ክርስቲያን እየዞሩ ይሳለማሉ። ዘንድሮ ወደ ኢንትራሙሮስ፣ በግንብ ወደታጠረው ወደ አሮጌው ማኒላ ሊሄዱ ተቀጣጥረዋል። ዴልፊን እዚያ በድንገት ያገኛቸዋል። ሦስት ሆነው ይዞራሉ፤ ልጅቷም ትለምደዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ ብሎ ይነገራታል።

“እኔ ማስመሰል አልችልበትም” አለ ዴልፊን።

“'እንደምን አደራችሁ' ማለት ማስመሰል ነው?”

“አንቺን 'እርስዎ' እያልኩ ከሆነ፣ አዎ።”

ቀኑ ደረሰ። ፀሐዩ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል። መንገዱ ለመኪና ስለተዘጋ ሕዝቡ ከግንብ እስከ ግንብ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ማራገቢያ ሻጩ፣ የበቆሎ ቀቃዩ፣ የፈረስ ጋሪው ሁሉ ተቀላቅሏል። ማሪቪክ ፊት ፊት እየሄደች መንገድ ትከፍታለች። ሉሚንግ ከኋላዋ አዲስ ቡናማ ጫማዋን አድርጋ በድንጋዩ ንጣፍ ላይ እየተጠነቀቀች ትራመዳለች።

“ይሄ ጫማ ከየት መጣ?” ብላ ጠይቃት ነበር ማሪቪክ ከቤት ሲወጡ።

“ከገበያ።”

ሳን አጉስቲን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ከድንጋይ አንበሶቹ አጠገብ ዴልፊን ቆሟል። ነጭ ሸሚዙ ከመተኮሱ የተነሳ እጥፋቱ ሰው ይቆርጣል። እነሱ ገና ከሩቅ ሲታዩት እጁን አንስቶ፣

“አይ! ምን ዓይነት አጋጣሚ ነው!” ብሎ ጮኸ። አንዲት መነኩሲት ደንግጣ ዞረች።

“ማንግ ዴልፊን?” አለች ማሪቪክ። “እርስዎም እዚህ?”

“አዎ፣ እንዲያው... በዚህ ሳልፍ።”

“ከማሪኪና ተነሥተው በዚህ ሲያልፉ?”

ሉሚንግ ማራገቢያዋን ፊቷ ላይ አብዝታ አርገበገበች። “ብቻዎን ከሚዞሩ ከእኛ ጋር ይሁኑ” አለች፣ ሐሳቡ አሁን ገና የመጣላት ለመምሰል እየጣረች። ዴልፊንም “እርስዎ ካሉ፣ አሊንግ ሉሚንግ” ብሎ በአክብሮት መጠሪያዋ መለሰላትና እንደ ወታደር ተሰልፎ ከኋላ ተከተለ።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። ያ ቤተ ክርስቲያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዙሪያው ያለው ሁሉ ሲፈርስ ብቻውን የቀረ ነው። ጸሎታቸውን አድርሰው ሲያበቁ ዴልፊን አንጋጦ ጣሪያውን አየ። አበባው፣ ሐረጉ፣ ክፈፉ ከድንጋይ ተጠርቦ የወጣ ይመስላል።

“የእጅ ነገር!” አለ በሹክሹክታ። “ይህን ሲጠርቡ ስንት ዘመን ፈጀባቸው ይሆን?”

“አልተጠረበም” አለች ማሪቪክ። “ቀለም ነው። ዓይን ለማታለል ነው እንዲህ የሣሉት።”

ሉሚንግ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፍታ ጸሎቷን እንደገና ጀመረች።

ቀጥለው እዚያው አቅራቢያ ወዳለው ካቴድራል ሲሄዱ ጫማው መንከስ ጀመረ። መጀመሪያ የቀኝ ተረከዟን አሳከካት፤ ቀጥሎ አቃጠላት፤ ካቴድራሉ በር ሲደርሱ አንድ ሰው በምላጭ የሚፍቃት መሰላት። ጥርሷን ነክሳ ፈገግ አለች። ተንበርክካ ስትነሣ በካልሲዋ ላይ ደም አየች። ቀሚሷን ዝቅ አድርጋ ሸፈነችው። ወጥተው ደረጃውን ሲወርዱ ግን እግሯ ከዳት፣ ተንገዳገደች፤ ዴልፊን ዘሎ ክንዷን ያዘና ሳያስበው አፉ አመለጠው።

“አላልኩሽም! መጀመሪያ ቤት ውስጥ ተለማመጂው አላልኩሽም? ቆዳው ገና አልለሰለሰም ብዬሽ አልነበረም? አንቺ እኮ አትሰሚም!”

ከዚያ እጁን ከክንዷ ላይ አነሣ። ሕዝቡ በጎናቸው ያልፋል፤ ሦስቱ ደረጃው ላይ ቆመዋል።

“አላልኩሽም” አለች ማሪቪክ፣ ቃሉን እንደ ዓሣ አጥንት ከአፏ ለይታ እያወጣች። “አንቺ።” ወደ ጫማው አየች፤ ከዚያ ወደ ጫማ ሠሪው። “ከገበያ ነው ያልሽኝ፣ እማዬ።”

“ገበያም... ጫማ ይሸጣል።”

“እማዬ! ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ዓመት አልፎታል” አለች ሉሚንግ በቀጭን ድምፅ።

“ዓመት! ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት 'ልጄ፣ ሥራ እንዴት ነው?' እያሉኝ!” ማሪቪክ ወደ ዴልፊን ዞረች። እሱም ኮፍያውን አውልቆ፣ “ልክ ነሽ ልጄ። ጥፋቱ የእኔ ነው” አለ።

“የእኔ ነው እንጂ! እሱማ ንገሪያት እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነበር።”

ማሪቪክ ሁለቱንም አልሰማችም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ወርውራ ወደ ሳንቲያጎ ምሽግ አቅጣጫ ሕዝቡን እየሰነጠቀች ሄደች። ዴልፊን ሊከተላት ሲል ሉሚንግ ደረቱ ላይ እጇን አኖረች።

“ተው። ይሄ የእኔ ነው።”

የጫማዋን ተረከዝ ረግጣ እንደ ነጠላ ጫማ እየጎተተች ተከተለች። ምሽጉ ግቢ ውስጥ የአገሪቱ ጀግና ወደ መገደያው የሄደበትን መንገድ የሚያሳዩ የነሐስ ዱካዎች መሬት ላይ ተተክለዋል፤ ጎብኚዎች እግራቸውን እየለኩባቸው ፎቶ ይነሣሉ። ሉሚንግ በመካከላቸው እያነከሰች “ይቅርታ፣ ይቅርታ” እያለች አለፈች። ልጇን ያገኘቻት ግንቡ ላይ፣ የፓሲግ ወንዝ ከታች በሚታይበት ቦታ ተቀምጣ ነው። አጠገቧ ተቀመጠች። ወንዙ አረንጓዴ አረም ተሸክሞ በዝግታ ይሄዳል።

መጀመሪያ የተናገረችው ማሪቪክ ናት።

“ሰው መውደድሽ እኮ አይደለም።” ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። “የጋዝ ሲሊንደሩ ሲያልቅ እኔን ትጠሪያለሽ። ሐኪም ቤት ስትሄጂ እኔን። ስልክሽ እምቢ ሲልሽ እኔን። ደስ ያለሽ ጊዜ ግን ባዳ አደረግሽኝ።”

ይህ ሉሚንግ ያልጠበቀችው ነገር ነበር። ለቁጣ ነበር የተዘጋጀችው፤ ለቁጣ መልስ ነበራት።

“ፈራሁሽ” አለች።

“እኔን?”

“አንቺን። አባትሽን የከዳሁት መስሎሽ እንዳትጠዪኝ።” ትንፋሿን ሰበሰበች። “ማሪቪክ፣ አባትሽን ልረሳው ብልም አልችል፤ ያው አፍንጫው ፊትሽ ላይ ቁጭ ብሏል። ግን ጠዋት ስነሣ ደስ ይለኛል። ገና ሩዙን ሳልጥድ ደስ ይለኛል። ብዙ ጊዜ እንዲህ አልነበረም፤ አንቺም ታውቂያለሽ።”

ማሪቪክ ታውቃለች። እናቷ ግድግዳ ግድግዳ እያየች የምትውልበትን ዘመን አይታለች። ወንዙን እያየች፣

“አባዬ ቢኖር ምን ይል ነበር?” አለች።

“ማንግ ዴልፊንን አይቶ?” ሉሚንግ አሰበች። “'ይህን ሸሚዝ ማነው እንዲህ የቀጣው?' ይል ነበር።”

ማሪቪክ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ እንባዋ ከሳቁ ጋር ተደባለቀባት፤ ሉሚንግም ሳቀች። አንድ ፎቶ አንሺ ጎብኚ ዘወር ብሎ አይቷቸው መንገዱን ቀጠለ።

ዝቅ ብለው ሲያዩ ዴልፊን ከታች ግቢው መሐል ቆሟል። በአንድ እጁ አዲስ የላስቲክ ነጠላ ጫማና የቁስል ፕላስተር ይዟል፤ በሌላው እጁና በደረቱ መካከል ከአኩሪ አተር የተሠራ ትኩስ ጣፋጭ የሞላባቸው ሦስት ኩባያዎች ደግፎ እንዳይፈስሱበት ይታገላል። ጥላ አጠገቡ ቢኖርም ፀሐዩ ላይ ነው የቆመው።

“ማንግ ዴልፊን እዚያው ሊቀልጡ ነው እንዴ?” አለች ማሪቪክ።

“ካልጠራሽው አይመጣም። አውቀዋለሁ።”

ማሪቪክ ትንሽ አስጠበቀችው። ከዚያ ተነሥታ፣ “ይውጡ እንጂ ማንግ ዴልፊን! ሊፈስስብዎ ነው!” ብላ ተጣራች።

ወጣ። ነጠላ ጫማውንና ፕላስተሩን ለሉሚንግ አልሰጣትም፤ ለማሪቪክ በሁለት እጁ አቀረበላት። እሷም ተቀብላ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች፤ ካልሲዋን አውልቃ ቁስሉን በውኃ አጠበች።

“አንቺ እኮ የጥርስ ነሽ” አለቻት ሉሚንግ።

“ጥርስም እግርም ያው ነው። ሲነኩት ሰው ይጮኻል።” ፕላስተሩን ለጠፈችና ቀና ብላ ዴልፊንን አየችው። “ማሪኪናን የሚያህል የጫማ አገር ይዘው እናቴን በገዛ ጫማዎ ያቆስሏታል?”

“ቸኩዬ ነው” አለ ዴልፊን አፍሮ። “ለዛሬ ይድረስላት ብዬ ቆዳውን ሳላለሰልስ ሰፋሁት።”

“መቸኮል ነው ጥፋትዎ እንግዲህ። ከአሁን በኋላ መቸኮል የለም።”

“የለም” አለ ዴልፊን፣ ስለ ጫማ ብቻ እንዳልተነገረው ገብቶት።

ኩባያቸውን ግንቡ ላይ ተቀምጠው ጨረሱ። ቀሪዎቹን ደብሮች ወንዙን ተሻግረው፣ ሉሚንግ በነጠላ ጫማ፣ ቀስ እያሉ ተሳለሙ። ቢኖንዶ በተባለው ደብር ማሪቪክ ለሦስት ሰው ሻማ ገዛች። ኪያፖ ደብር ሲደርሱ ግፊያው ስለበዛ ዴልፊን ከፊት ሆኖ ትከሻውን እንደ በር አድርጎ አስገባቸው፤ ማሪቪክም አንድ ጊዜ እንዳትጠፋ የሸሚዙን ጀርባ ጨብጣ ያዘች። ያ ሁሉ የመተኮስ ድካም በእጇ ጭምድድ አለ። እሱ ግን እንዲመቻት እርምጃውን ቀነሰላት።

ወደ ቤት በሚመለሱበት ጂፕኒ፣ ባለ ረጅም አግዳሚው የአገሩ ታክሲ ላይ ማሪቪክ በሁለቱ መካከል ተቀመጠች።

“ይጠጣሉ?” አለችው፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ።

“በዓል ሲሆን አንድ ብርጭቆ።”

“ያንኮራፋሉ?”

“ብቻዬን ነው የምተኛው፤ ማን ይንገረኝ?”

ፊት ለፊት የተቀመጡ አሮጊት ሳቃቸውን በማራገቢያ ሸፈኑ። ሉሚንግ መስኮቱን ታያለች፤ ጆሮዋ ግን እሳት ሆኗል።

“እንግዲህ ስሙኝ” አለች ማሪቪክ። “ነገሩ በወጉ ይሁን። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት መጥተው ይጠይቋታል፤ ሳሎን ውስጥ፣ እኔ ባለሁበት። ድብብቆሽ አልወድም።”

“እናትሽ እኮ ነኝ!” አለች ሉሚንግ። “ልጄ ትጠብቀኝ?”

“አንቺ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ሲኒማ ስሄድ አክስቴን ከኋላዬ አልላክሽም?”

አሮጊቷ አሁን መሸፈኑን ትተው ሳቁ። “ልጅቱ ልክ ናት” አሉ ለተሳፋሪው ሁሉ።

ስቅለት አለፈ። የትንሣኤ ዕለት ሰማዩ ገና ሳይነጋ የሠፈሩ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ወንዶቹ የተነሣውን ጌታ ምስል ተሸክመው በወንዙ በኩል፣ ሴቶቹ ጥቁር የሐዘን ሻሽ የተከናነበችውን የእመቤታችንን ምስል ተሸክመው በገበያው በኩል ወጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ሁለቱ ሰልፎች ሲገናኙ የመልአክ ልብስ የለበሰች ልጅ ከላይ በገመድ ወርዳ ጥቁሩን ሻሽ አነሣችው፤ ደወሉ ተደወለ፣ ርችቱ ተተኮሰ። ወንዱና ሴቱ ተደባለቀ፤ ሁሉም የራሱን ሰው እየፈለገ ይጠራራል።

ሉሚንግ በእግር ጣቷ ተንጠራርታ ታይ ነበር። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ከሰው ጀርባ በቀር የሚታያት የለም። ማሪቪክ ግን ረጅም ናት። ሻማዋን ከፍ አድርጋ በሕዝቡ ላይ ተመለከተችና፣

“ማንግ ዴልፊን! በዚህ! እዚህ ነን!” ብላ በሙሉ ድምፅዋ ተጣራች።

የቁርስ ደንበኞቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ሁሉም ዞረው አዩ። ሉሚንግም በልቧ “ይዩን” አለች፤ የልጇን ክንድ ያዘችና ወደ እሱ መሄድ ጀመረች።