ለአዝመራው ጀልባ የተሰፋ ልብስ

ባሕር ዳር ላይ ጥር ገብቶ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ በአዝመራው ጀልባ ውስጥ ግን ገና ሐምሌ ነበር። ከጠርዟ አሳልፎ እጁን ያስገባ ሰው ክንዱ በዝናብ ይበሰብሳል፤ መልሶ ሲያወጣው ፀሐይ ያደርቀዋል። ደመና የሚባል የለም። ዝናቡ ከነጂው መቀመጫ በላይ ካለው ባዶ አየር ይጀምርና ጀልባዋ ወለል ላይ ያልቃል፣ ወደ ውጭ አንዲት ጠብታ አይወጣም። የወደቡ ሰው መጀመሪያ ሰሞን እየተጋፋ አየ፣ ከዚያ ሰለቸው። መቼም ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

አዝመራው ጣና ላይ መንገደኛ ወደ ደሴቶቹ የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ ነበር። በሐምሌ አንድ ጠዋት ዝናቡ አባራ ብሎ ብቻውን ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ጀልባዋ ብቻዋን ተመለሰች። ሬሳው አልተገኘም። ሬሳ ሲጠፋ ያገሩ ሰው የሟቹን ልብስ አውጥቶ ነው የሚያለቅሰው። ሚስቱ ትርንጎ ግን ኮቱን ከሳጥን አላወጣም፣ ከልም አልለብስም፣ ልቅሶም አልቀመጥም አለች። ዘመድ ተቆጣ፣ የንስሐ አባቷ መከሯት፣ እሷ ወይ ፍንክች።

ምክንያት ነበራት። አዝመራው እዚያው ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አይታይም፤ ዝናቡ ግን መቀመጫው ዘንድ ሲደርስ በሰው ትከሻ ልክ ይሰበርና በግራና በቀኝ ይወርዳል። ድምፁም ይሰማል። ትርንጎ በየጠዋቱ ወደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ውሃውን በጣሳ እየጨለፈች ታጫውተዋለች።

«አልበረደህም?»

«ትንሽ። ሲያባራ እወጣለሁ።»

«ዛሬስ ባትወጣ?»

«ኧረ መንገደኛ ይጠብቀኛል። ያባራ ብቻ።»

ለሱ ያው የሐምሌ ጠዋት ነው። ገና አልወጣም፣ ገና ምንም አልሆነም። ዝናቡ እስካለ ድረስ አይወጣም፣ ካልወጣ ደግሞ አይሞትም። ትርንጎ ይህን በደንብ አስባበታለች። ስለዚህ አገር ምድሩ እህሉን ሊወቃ ፀሐይ ሲለምን፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆማ እንዳያባራ ትለምን ነበር። ሰው ቢሰማት ኖሮ ትረግመናለች ብሎ ይጣላት ነበር።

ችግሩ ጀልባዋ ናት። ቀን ተቀን የወረደ ዝናብ የሚሄድበት የለውም፤ ጀልባዋ ዝቅ፣ ዝቅ እያለች ሄደች። ትርንጎ የውሃ መሳቢያ ሞተር አስመጥታ ሞክራለች፤ ሐምሌን ግን ምን ሞተር ይችለዋል። ክንዷ አበጠ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? አንድ ቀን ጠዋት ስትመጣ ሐይቁ ከጀልባዋ ጠርዝ ሊገናኝ ጥቂት ነበር የቀረው። ከሰጠመች አዝመራው ከነመቀመጫው መስጠሙ ነው፤ እዚያው እሷ ፊት።

ያን ጊዜ ጋሽ ይማም ዘንድ ሄደች። ጋሽ ይማም ከገበያው ጀርባ ሸራ የሚሰፉ ሰው ናቸው። የጭነት መኪና ሸራም ሆነ የእድር ድንኳን ከሳቸው እጅ ነው የሚወጣው።

«ጋሽ ይማም፣ ለጀልባዬ ልብስ ይስፉልኝ። ለነጂው ቦታ።»

ልብስ ማለቷ አያስገርምም። እኛ አገር ሶፋም ልብስ አለው፣ መኪናም ልብስ አለው። ጋሽ ይማም ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ተከተሏት። ወርዷን ለኩ፣ ቁመቷን ለኩ፣ ከዚያ ከዘራቸውን ዝናቡ ውስጥ ሰደው ከየት ከፍታ እንደሚጀምር ፈለጉ። ሲያገኙት ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን በመሐረብ አደረቁ።

«ከራሱ በላይ አንድ ስንዝር ላይ ነው የሚጀምረው» አሉ። «እንግዲህ ሁለት ዓይነት አለ፣ ምረጪ። አንዱ ቅስት ብረት ተክዬ ከዝናቡ መነሻ በላይ የማለብሰው ነው። ሐምሌው እንዳለ ከውስጥ ይቀራል። ጀልባዋ ግን እስከ ጾሙ አትደርስልሽም።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ዝቅ ያለው ነው። በዝናቡና በሰውዬው መሀል ወጥሬ አስረዋለሁ። ዝናቡ ከላይ ይቀራል፣ ውስጡ ይደርቃል።»

«ከደረቀ ይወጣል።»

«ይወጣል» አሉ ጋሽ ይማም።

«እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይመርጡ ነበር?»

«እኔ ልክ ነው የምወስድ፣ ልጄ። በሰው ባል ምን አገባኝ?» አሉና ሜትራቸውን ጠቀለሉ። «የማይቀርልህን እንግዳ አጥብቀህ ሳመው ይላሉ። ለመሳም እንኳ የሚመች ነገር አይደለም ይሄ።»

ትርንጎ ከፍ ያለውን መረጠች። ሌላ ምን ትምረጥ? እንዳቅሟ ትጨልፋለች፣ እስከ ጾሙ ያሉት ጠዋቶችም ጠዋቶች ናቸው። በማግስቱ ይህንኑ እያሰበች ጣሳዋን ይዛ ተቀመጠች። ጠጋ ስትል የአዝመራው ጥርስ ሲንገጫገጭ ሰማች።

«ምነው?»

«እጄ አልታዘዝ አለኝ» አላት። «ትርንጎ፣ ይሄ ጠዋት አልረዘመብሽም? እኔ እንዲህ ያለ ረጅም ጠዋት አይቼ አላውቅም።»

ጣሳው ከእጇ ወደቀ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያቆየችው ለሱ ብላ ይመስላት ነበር። ስታለቅስ እንዳይሰማት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ጋሽ ይማም ቤት ደረሰች።

«ዝቅ ያለውን» አለቻቸው። «ሰማያዊ ይሁን። ጥቁር አላለብሳትም።»

ስትመለስ መንገድ ላይ ያገኘችው ፈንታሁንን ነው፣ የአዝመራውን ታላቅ ወንድም። ፈንታሁን ወንድሙን በወጉ ሳያለቅስ ወራት ስላለፉበት እንቅልፍ የነሳው ሰው ነው።

«ከየት ነው?» አላት።

«ልብስ ላሰፋ ሄጄ።»

ፈንታሁን ቀጥ ብሎ ቆመ። ዓይኑ እንባ ሞላ። «ለመቼ ይደርሳል?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለቅዳሜ ብለውኛል።»

ከዚህ በላይ አልጠየቀም። ከል መስሎታል። ቀጥ ብሎ ወደ እድሩ ዳኛ ሄደ፣ ቅዳሜም ጥሩንባ ተነፋ።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ይማም ሰማያዊውን ሸራ ዘርግተው መንጠቆውን ከቀለበቱ እያገጣጠሙ ሳለ፣ አገር ምድሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደቡን ሞላው። ቤቷ ሄደው አጥተዋት ነው። ፈንታሁን ሸራውን አየ፣ ትርንጎን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብሱ ነዋ» አሉ ጋሽ ይማም፣ ቀና ሳይሉ።

ፈንታሁን ትንሽ አሰበበት። ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ልብስ ልብስ ነው፣ ሰማያዊም ቢሆን። ደረቱን እየደቃ «ወንድሜን» ብሎ ጀመረ፣ ሴቶቹም ተቀበሉት። ወራት የታመቀ ልቅሶ ነበርና ሐይቁ ዳር የነበሩት ወፎች ሁሉ ተነሱ።

ዝናቡ አሁን ሸራው ላይ እየወረደ በጎንና በጎን ወደ ሐይቁ ይፈሳል። አንድ መንጠቆ ብቻ ቀርቶ ነበር። ጋሽ ይማም እሱን ለትርንጎ ትተውላት ዞር አሉ። ጎንበስ ስትል ከሸራው ሥር ጠራት።

«ትርንጎ።»

«አቤት።»

«ማን ሞቶ ነው?»

አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ሰምተው ዝም አሉ። ዝምታው ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ፈንታሁን ዘንድ ደረሰ፣ እሱም ዝም አለ።

«የሩቅ ሰው ነው» አለች ትርንጎ። «አታውቀውም።»

«ነፍስ ይማር» አለ አዝመራው። «አባራ እኮ።»

«አዎ፣ አባራ።»

«ልውጣ እንግዲህ። ለምሳ አትጠብቂኝ።»

ልቧ ከጀልባዋ ውረድልኝና ቤታችን እንሂድ ሊል ነበር። እወድሃለሁም ሊል ነበር፤ ተጋብተው ሲኖሩ ተባብለውት የማያውቁትን ቃል አሁን ብትለው ይደነግጣል ብላ ተወችው።

«እሺ» አለችው። «ደህና ዋል።»

የመጨረሻውን መንጠቆ አስገባች። ዝናቡ ቆመ። ከሸራው ሥር ሞተር ተነሳ፣ አንዴ ጠፋ፣ እንደገና ተነሳ። ጀልባዋ ሰማያዊ ልብሷን ለብሳ፣ በገመዷ እንደታሰረች ናት፤ ንቅንቅ አላለችም። ከፊቷ ያለው ውሃ ግን ለሁለት ተሰነጠቀ። ነጭ መስመር ወጥቶ ወደ ሐይቁ መሀል ቀጥ ብሎ ሄደ፣ የሞተሩም ድምፅ አብሮት ራቀ። የተነሳው ማዕበል ወደቡን መታና የለቀስተኞቹን እግር አረጠበ። ትርንጎ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ መስመሩን በዓይኑ ሸኘ። መሀል ላይ ሲደርስ መስመሩ ቆመ። ድምፁም ቆመ። ከዚያ ውሃው፣ ከወዲያ ጫፍ ጀምሮ ወደ እነሱ እየመጣ፣ ቀስ ብሎ ገጠመ።