የኢቲቻ አባት

ኦቦ ኢተፋ የኮምፒዩተሩን ማብሪያ ለስድስተኛ ጊዜ ተጫኑት። ውስጡ ያለው ማራገቢያ እርር ብሎ ተነሣ፣ ትንሽ ዞረ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ስክሪኑ እንደጠቆረ ቀረ።

"ሜ እስቲ፣ አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽው?"

"እኔ ምን ልንካው አባ? መብራት ሄዶ ሲመጣ ድው አለና ጠፋ። አብረን አይደል የሰማነው?" አለች ልጃቸው ፌኔት።

እውነቷን ነው። ግን ሰው ግራ ሲገባው የሚቆጣው ሰው ይፈልጋል፤ ቅርብ የነበረችው ደግሞ እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌኔት እሸቴ የሚባል የጫንጮ ልጅ ልታገባ ነው። ነገ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የእሸቴ ሽማግሌዎች ሱሉልታ መጥተው ዘር ይቆጥራሉ። እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ካልተገናኙ እሰየው ነው። ከተገናኙ ግን እኅትና ወንድም ናቸው፤ ድግስም ቀለበትም የለም፣ አለቀ ደቀቀ። ታዲያ ከጫንጮ ቀድሞ የመጣው ወሬ የኦቦ ኢተፋን እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። የእሸቴ ስድስተኛ አያት ኢቲቻ ዋሪ ይባላል አሉ። የፌኔትም ስድስተኛ ኢቲቻ ነው። የማን ልጅ ኢቲቻ? የዋሪ ከሆነ ያው አንድ ሰው ነው። የጉቱ ከሆነ የገጠመው ስም ብቻ ነው።

ይህን ልቅም አድርገው የሚያውቁት ታላቅ ወንድማቸው ኦቦ ዋቆ ነበሩ፤ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ኦቦ ኢተፋ የቀበሌ ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸውና፣ ወንድማቸውን እያስቆጠሩ በደብተር ጽፈው፣ ከደብተሩ ደግሞ በሁለት ጣታቸው እየለቀሙ ኮምፒዩተር አስገብተውታል። ደብተሩስ? ደብተሩንማ "ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል" ብለው ለእሳት ማያያዣ ሰጡት። ጉድ እኮ ነው!

"ተዉ ብዬ ነበር" አሉ ባለቤታቸው ገለቴ ከበሩ ላይ ሆነው። "ወረቀት መብራት አይሄድበትም ብዬ ነበር።"

ኦቦ ኢተፋ ሶኬቱን ነቀሉ። የኮምፒዩተሩን ሣጥን ባንሶላ ጠቅልለው፣ ባጃጅ ውስጥ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከፌኔት ጋር ወደ አክመል ሱቅ ሄዱ። አክመል ዋናው መንገድ ዳር ስልክና ኮምፒዩተር የሚጠግን፣ የጨርቅ ነጋዴው የኡዘይር ልጅ ነው።

"አካም ቡልተኒ ኦቦ ኢተፋ!"

"ተወኝ እስኪ ልጄ፣ ምን ማደር አለ። በል ይኼን አስነሣልኝ።"

አክመል ክዳኑን ፈታ፣ አቧራውን በንፋስ አስወጣ፣ ከዚያ ራም የምትባለውን ጠፍጣፋ ካርድ ነቅሎ ጠርዟን በላጲስ ያሽ ጀመር።

ኦቦ ኢተፋ ክው አሉ። "ላጲስ? አንተ ልጅ፣ እንዳታጠፋብኝ!"

"ቆሻሻውን ነው የማጠፋው አባባ። ጽሑፉ እዚህ የለም፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው።"

"እሱም በላጲስ ነው የሚታሸው?"

ፌኔት ሳቋ አመለጣት። ከትናንት ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ካርዷ ስትመለስ ማሽኑ ጢጥ አለና ስክሪኑ በራ። "ዋቃዮ ይመስገን!" ብለው ኦቦ ኢተፋ ሊነሡ ሲሉ ጥቁሩ ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ፊደል ወጣ፣ ከዚያም አላለፈም። አክመል ራሱን ነቀነቀ። ማሽኑ ነቅቷል፣ ዲስኩን ግን አላየውም። ዲስኩን ነቅሎ ከራሱ ኮምፒዩተር ጋር ሲያገናኘው ሌላ ጥያቄ መጣ።

"ምን ይላል?"

"ልደምስሰው ወይ ይላል።"

"ማን ደምስስ አለው!"

"እንቢ ብለነዋል፣ አይጨነቁ። አሁን ፋይሎቹን በሌላ ፕሮግራም አንድ በአንድ ለቅሞ ያወጣቸዋል። ጊዜ ይወስዳል።"

የቀትሩ የዙህር አዛን ሲሰማ አክመል ለሰላት ወጣ። አባትና ልጅ ቁጥሩ ሲያድግ እያዩ ቀሩ። አሥር በመቶ፣ አሥራ አንድ። ኦቦ ኢተፋ የወንድማቸውን ድምፅ ለማስታወስ ሞከሩ። ዋሪ ሲሉ ዋሪ ይመስላቸዋል፣ ጉቱ ሲሉም ጉቱ። ወንድማቸው ካረፉ ወዲህ ሱሉልታ ውስጥ ዘር የጠፋበት ሁሉ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነበር፤ ዛሬ የገዛ አያታቸው ጠፋባቸው።

"ምናልባት ከተገናኛችሁስ ልጄ?" አሉ ድንገት።

"አይጠይቁኝ አባ" አለች፤ ዐይኗን ከቁጥሩ አላነሣችም።

አክመል ሲመለስ ሥራው አልቆ ነበር። አራት ሺህ ፋይል ወጥቷል። አንዱም ስም የለውም፣ ሁሉም ቁጥር ብቻ ነው። ኦቦ ኢተፋ ላብ ላብ አላቸው። አክመል ግን ውስጣቸው "ኢቲቻ" የሚል ያለባቸውን እንዲፈልግለት ፕሮግራሙን አዘዘው፣ ሁለት ብቻ መጡ። አዛውንቱ መነጽራቸውን ቤት ረስተዋልና ፌኔት ወንበሩን ስባ የመጀመሪያውን ታነብ ጀመር። ስም በስም ወረደችና ስድስተኛው ላይ ድምፅዋ ከፍ አለ።

"ኢቲቻ ጉቱ!"

"ይኸው! አላልኩም?" ብለው ኦቦ ኢተፋ ጭናቸውን መቱ። አላሉም ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት ማን ይከራከራቸዋል?

ፌኔት ለእሸቴ ልትደውል ስልኳን አወጣች። አክመል ሁለተኛውን ሲከፍተው ዐይኗን ወረወር አደረገችና ለብቻዋ አነበበች። እንደገና ከላይ ጀምራ ወረደች።

"ያው ነው አይደል?" አሉ አባቷ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ኢቲቻ ዋሪ ይላል አባ።"

ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። ኦቦ ዋቆ ሁለት ጊዜ ነው የቆጠሩላቸው። አንዴ በደህናው ቀን፣ አንዴ ታመው ተኝተው፣ "በፊት ከነገርኩህ አንድ ስም ስቻለሁ፣ አቅናው" ብለው። ኦቦ ኢተፋም የፊተኛውን ሳያጠፉ እንደ አዲስ ጻፉት።

"አክመል፣ የኋለኛው የቱ ነው? ቀኑን እይልኝ።"

"የሁለቱም ቀን ዛሬ ነው የሚለው አባባ። ዛሬ ስላወጣናቸው።"

"ዛሬማ ዋቆ የሉም!"

አክመል አንገቱን ደፋ። ኦቦ ኢተፋ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። የጤነኛ ሰው ቃል ይታመናል ወይስ የሚሞት ሰው? ዋቆ ስም ስቻለሁ ያሉት እውነት ስተው ነበር ወይስ ትኩሳቱ ነው የተናገረው? ከዚያ ደግሞ ክፉ ሐሳብ መጣባቸው። አንዱን ብቻ፣ የጉቱውን፣ ለሽማግሌዎቹ ማሳየትም ይቻላል።

"አንቺ ባታነቢልኝ ኖሮ እኔ በምን አውቅ ነበር?" አሉ ቀስ ብለው።

"እኔ አውቀው ነበራ" አለች።

አዛውንቱ አፈሩ፣ ኮሩም። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉ።

"የትኛውን ላትመው?" አለ አክመል።

"ሁለቱንም።"

ሁለቱ ወረቀቶች ተራ በተራ ወጡ። አክመል ስቴፕለሩን አንሥቶ "ከላይ የቱ ይሁን?" ሲል ፌኔት ወለሉን ታይ ነበር። ኦቦ ኢተፋ ወረቀቶቹን ተቀብለው ወደ ዐይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ ማንበብ አልቻሉም።

"የዋሪው የትኛው ነው ልጄ?"

በጣቷ አሳየቻቸው። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ እንዲያዩት እሱን ከላይ አደረጉና ለአክመል ሰጡት።

"እንዲህ ምታው" አሉ።